የቋንጃ እብጠት፦ ከምልክቱ ተነስቶ መንስኤውንና መፍትሄውን ማግኘት

ቋንጃ ላይ እብጠት ሲወጣ ሰው ሁሉ እብጠቱን ማጥፋት ነው የሚፈልገው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጉልበቱ ውስጥ ነው። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ቤከር ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1877 እ.ኤ.አ. ስለዚህ እብጠት ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከዊሊያም ሞራንት ቤከር ነው። ጉልበት በመሸርሸር፣ በሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ ባለው ልስልስ አጥንት) መቀደድ፣ በሪህ ወይም በሩማቶይድ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ በሚያጠቃበት በሽታ) ሲቆጣ ፈሳሽ ያበዛል። ትርፉ ፈሳሽ ከኋላ በውስጠኛው በኩል፣ በባት ጡንቻና በጭን ጅማት መሃል ወዳለች ከረጢት ይገፋል። መግቢያዋ እንደ ጎማ ቫልቭ ነው፦ ያስገባል፣ በቀላሉ አይመልስም።

ሲቆሙ ይወጠራል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ይለሰልሳል

እግርዎን ቀጥ አድርገው ይቁሙና ሌላ ሰው ቋንጃዎን በጣቱ ይንካ። ከዚያ ጉልበቱን ወደ 45 ዲግሪ ይጠፉት። ቅድም ጠንክሮ የነበረው አሁን ከለሰለሰ ወይም ከጠፋ፣ ቤከር ሲስት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ታጥፎም እንደ ጠነከረ ከቆየ ሌላ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ይታዘዝ። እንደ ልብ ምት የሚዘል ከሆነ ደግሞ የደም ቧንቧ መስፋት ሊሆን ይችላል፤ አይታሽ፣ መርፌም አይግባበት፣ ቶሎ ይታይ።

ቀን ሙሉ ቆመው ወይም ሲወርዱ ውለው ማታ ይጠዘጥዛል

ደሴ ላይ ሰው በዳገቱ ይማረራል እንጂ ጉልበትን የሚጎዳው ይበልጥ ቁልቁለቱ ነው። የባጃጅ ገንዘብ የሚቆጠብ ከሆነ ሽቅቡን በእግር፣ ቁልቁሉን በባጃጅ ያድርጉት። በእግር መውረድ ግድ ከሆነ ምርኩዙ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆመው የሚውሉ ደግሞ በየእረፍቱ ተቀምጠው እግራቸውን ከፍ ያድርጉ።

ማታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት። መብራት ከጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ይሠራል። የሚለጠጥ ፋሻ ሲጠቀሙ ከባት መሃል ጀምረው ወደ ላይ እስከ ጭን መሃል ይጠቅልሉ፤ ጉልበት ላይ ብቻ አጥብቆ ማሰር እብጠቱን ወደ ባት ያወርደዋል። ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይፈታ። ለእንቅልፍም ይፈታ።

ከመድኃኒት የዳይክሎፌናክ ቅባት ይቅደም። ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት ላለበት ደግሞ ያነሰ ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። አይቡፕሮፌንን ከዳይክሎፌናክ ክኒን ጋር ደርቦ መዋጥ ማስታገሱን እምብዛም አይጨምርም፣ ጨጓራውን ግን ያደማል።

ጡንቻው ካልጠነከረ ይህ ሁሉ ጊዜያዊ ነው። ፍራሽ ላይ እግር ዘርግተው ይቀመጡ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ፣ ፎጣውን በጉልበትዎ ወደ ታች ይጫኑና 5 ሰከንድ ይቆዩ። አሥር ጊዜ ይደጋግሙ፣ በቀን ሦስት ዙር። የጭኑ ጡንቻ ከጉልበቱ ሎሚ በላይ ሲጠነክር በእጅ ይሰማል፤ ካልተሰማ ሥራው በዳሌ እየተሠራ ነው።

ጉልበት ጨርሶ ሲታጠፍ ግፊቱ ይጨምራል። ቡና የሚያፈላ ሰው ከዱካው ከፍ ያለ ወንበር ይያዝ። ሶላትም ስግደትም እስኪሻል ወንበር ላይ ይሁን። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር ማስቀመጥ ይጠቅማል።

እብጠቱ በድንገት ጠፋ፣ ባት ግን አበጠ

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሲስቱ ሲፈነዳ ባት ላይ ሙቅ ውሃ የወረደ ያህል ይሰማል፣ ባቱ ያብጣል፣ ይቀላል። ከቀናት በኋላ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር ብልዝ ሊወጣ ይችላል። የደም መርጋትም ግን ይህንኑ ይመስላል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። በዓይን አይለዩም። በተለይ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ወይም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተቀምጠው ከመጡ በኋላ ከሆነ መርጋት ይጠርጠር።

ወጌሻ አይነካው፣ አይታሽ፣ ዋግምትም አይደረግበት፤ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በዚያው ቀን የዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) አልትራሳውንድ ያሠሩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ መሣሪያው በቅርብ ከሌለ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ድረስ መሄዱ ያዋጣል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ሳል ደም ካመጣ ግን መደወልም አያስፈልግም፣ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ፍንዳታ ብቻ ከሆነ እረፍት፣ እግር ከፍ ማድረግና በረዶ ይበቃሉ። ፈሳሹን ሰውነት ራሱ በሳምንታት ውስጥ ይመጠዋል።

ጉልበቱ ይግላል፣ ትኩሳት አለ፣ ማጠፍ አልተቻለም

ይህ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሥራ ነው፣ ለነገ አይባልም።

ፈሳሹ ተቀዳ፣ ተመልሶ ሞላ

የሚጠበቅ ነው። ከረጢቷ ባዶ ብትሆንም ጉልበቱ ፈሳሽ ማመንጨቱን አላቆመም። ስለዚህ ጉልበቱን ያስቆጣውን ይፈልጉ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑና ደረጃ ሲወርዱ የሚያም ከሆነ መሸርሸር ይጠረጠራል፤ ራጁ ቆመው ይነሱ፣ ተኝቶ የተነሳ ራጅ ክፍተቱ መጥበቡን ሊደብቅ ይችላል። ጉልበቱ የሚቆለፍ ከሆነ ሜኒስከስ ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአይ ይጠይቃል። ጠዋት የእጅ ጣቶችም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቁ ከሆነ ሩማቶይድ ይመረመር። ዩሪክ አሲድ ስለጨመረ ብቻ ሪህ ነው አይባልም፤ ቁርጡን የሚነግረው ከጉልበቱ የተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ የሚታየው ክሪስታል ነው። በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን የልብ ቁርጥማት እንዳይመለስ የሚሰጥ ነው፤ ለተሸረሸረ ጉልበት አይሠራም።

ፈሳሹ በአልትራሳውንድ እየታየ ተቀድቶ ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ጉልበት ውስጥ ሲሰጥ እፎይታው ይረዝማል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ስለሚጨምር በየቀኑ ይለካ። ከፋርማሲ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ) ገዝቶ ዳሌ ላይ መወጋት ይህንን አይተካም። እብጠቱን ቆርጦ ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የጉልበቱ ችግር ሳይነካ ከተቆረጠ ተመልሶ የመውጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ልጅ ላይ ሲወጣ

ብዙ ጊዜ የማያም ሲሆን ከጉልበት ጉዳት ጋርም አይያያዝም፤ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ፈሳሽ መሆኑ ከተረጋገጠ መርፌም ቢላም አያስፈልገውም። በፍጥነት ካደገ፣ ከጠነከረ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም ካለው ግን እንደገና ይታይ።