ተከላካዩን ከመስደባችሁ በፊት

የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። በ2022/23 ቡድናችን 12ኛ ሆኖ ሲጨርስ ጨዋታዎቹን የምከታተለው ሰፈራችን ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ነበር። ጎል በገባብን ቁጥር ቤቱ የግራ መስመር ተከላካያችንን ስም ጠርቶ በአንድ ድምፅ "ኩኩሬላ!" ይላል። እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ሲብስብን ደግሞ ወደ ፀጉሩ እንዞራለን። ስለ ፀጉር ማውራት ክርክር አይደለም። እሱን መጀመሪያ ተዉት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጎሉ ተደግሞ ሲታይ መረቡ ላይ አላፈጥም። ኳሷ የተነጠቀችበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ መሃል ሜዳ ላይ ነው። የመስመር ተከላካዩ ለማጥቃት ወጥቷል፣ አማካዩ በእርምጃ እየተመለሰ ነው፣ የመሃል ተከላካዩ ለብቻው ሁለት አጥቂ ፊት ቀርቷል። ወደ ኳሷ ቢወጣ ከጀርባው ያሳልፉበታል። ቢያፈገፍግ ይመቱበታል። እዚህ ላይ እሱን መውቀስ ግፍ ነው።

አንድ ለአንድ ከሆነ ግን እግሩን እዩ። ሁለቱም እግሮቹ አጥቂው ፊት ቀጥ ብለው ከተተከሉ ሲታለፍ ዞሮ እስኪሮጥ አንድ እርምጃ ይቀደማል። ጎበዝ ተከላካይ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ አጥቂውንም ወደ መስመሩ ይገፋዋል። እንዲህ ሳያደርግ ከታለፈ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ያኔ በደንብ ተናገሩ።

ተከላካዩ ተቀይሮም ያው ዓይነት ጎል ከገባ ወደ አሰልጣኙ ዙሩ። ግን ጊዜ ማግኘቱንም ቁጠሩ። እኛ በዚያች አንድ ዓመት ቱኸልን፣ ፖተርንና ላምፓርድን አይተናል። በየጥቂት ወሩ ሌላ ትእዛዝ የሚሰማ የኋላ መስመር እንዴት ይግባባል?

ገንዘቡ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። "80 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት!" ይላሉ ማንቸስተር ዩናይትድ ስለገዛው ተከላካይ ስለ ማጓየር። ዋጋውን የቆረጡት ክለቦቹ እንጂ እሱ አይደለም። ሊቨርፑል በጥር 2018 ተከላካዩን ቫን ዳይክን በ75 ሚሊዮን ወሰደ። በዚያው ዓመት ክረምት ግብ ጠባቂውን አሊሰንን ከጀርባው፣ አማካዩን ፋቢንሆን ከፊቱ ጨመረለት። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በ38 የሊግ ጨዋታ የተቆጠረበት 22 ጎል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ክለብ ብር ሲበትን "ስንት አወጣ?" ብላችሁ አታቁሙ። "ዙሪያውን ማን አለ?" በሉ። የኛ ክለብ በዚያ ዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ነው 12ኛ የወጣው።

ኩኩሬላ ያው ሰውዬ ነው። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በ86ኛው ደቂቃ ከግራ መስመር ያሻገራትን ኳስ ኦያርዛባል አገባት፣ ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አብረውት የተሰለፉት ሌሎች ነበሩ፣ የሚጫወትበትም መንገድ ሌላ ነበር። ያን ቀን ስለሱ የጮህኩትን ሁሉ አስታውሼ ከልቤ አዘንኩ።

ከጓደኛችሁ ጋር ካልተስማማችሁ "የትኛው ጎል? በስንተኛው ደቂቃ?" ብላችሁ ጠይቁት። በጅምላ "እሱ አይረባም" ካለ አትከተሉት፣ አንድ ጎል ይምረጥ። እሱም ካላስማማችሁ ቀጣዩን ጨዋታ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እዩ። እሱ ተከላካዩን ብቻ ይከታተል፣ እናንተ ከፊቱ ያለውን አማካይ። እረፍት ላይ ያያችሁትን ተነጋገሩ።