የደም ሥር ሴሎችን ምድር ላይ ሆኖ ከስበት ማላቀቅ፦ አረፋውን ተጠንቀቁ

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ከተመረመሩ 11 ጠፈርተኞች በ6ቱ አንገት ውስጥ ባለው ደም መልስ ደሙ ቆሞ ወይም ወደ ኋላ ሲፈስ ታይቷል። በአንዱ ላይ ደሙ ረግቶ ነበር። የደም ሥርን ከውስጥ የሚያለብሱት ኢንዶቴሊያል ሴሎች እዚያ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ሮኬት ባይኖረንም ክሊኖስታት አለ። ክሊኖስታት ሴሎቹን እያሽከረከረ የስበትን አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚለዋውጥባቸው መሣሪያ ነው። ስበቱ አይጠፋም፤ ሴሉ ግን «ታች» የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

1. ከእትብት ደም መልስ የተወሰዱ ሴሎችን በጄላቲን በተቀባ ትንሽ ፍላስክ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀት ጠባቂ ሣጥን (ኢንኩቤተር) ውስጥ አሳድጉ። ወለሉን ሸፍነው እርስ በርስ ሲነካኩ ደርሰዋል። ብዙ ጊዜ ከዕቃ ዕቃ የተዛወሩትን ተዉአቸው፤ ያረጀ ሴል ሳይሽከረከርም ይለወጣል።

2. ፍላስኩን አፉ ድረስ ሴሎቹ በሚመገቡት ፈሳሽ (ሚድየም) ሙሉት። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ በሉ።

እኔ በዚህ ደረጃ ሦስት ሳምንት አጥቻለሁ። ሴሎቼ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ሳይ የክብደት አልባነት ውጤት አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። በኋላ ፍላስኩን ወደ መብራት ሳዞር የምስር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ውስጡ ስትንሸራተት አየሁ። ማሽኑ በዞረ ቁጥር አረፋዋ ፈሳሹን እየገፋች ሴሎቹን ስታሻቸው ከርማለች። እነዚህ ሴሎች የተፈጠሩት የደምን ፍሰት ለመስማት ነው፤ ጠንከር ያለ ፍሰት ሲቆይባቸው በፍሰቱ አቅጣጫ ይረዝማሉ፣ ይሰለፋሉ። ያየሁት የአረፋዋን ሥራ እንጂ የስበትን ለውጥ አልነበረም።

ስለዚህ ሚድየሙን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ወዲያው አትሙሉ። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ አየር ያሟሟል፤ ሲሞቅ ያንኑ አየር አረፋ አድርጎ ይተፋዋል። ሌሊቱን ክዳኑ ላላ ብሎ ኢንኩቤተር ውስጥ ይደር። ጠዋት ፍላስኩን አቁማችሁ በግድግዳው በኩል ቀስ እያላችሁ አፍሱ፣ ፈሳሹ ከአፉ በላይ ጉብ እስኪል። ለመዝጋት ከራሱ ክዳን ይልቅ ቀጭን መርፌ የተሰካበት የጎማ ውታፍ እመርጣለሁ፤ ውታፉን ስትጫኑት የተረፈው ፈሳሽና አየር በመርፌው ይወጣል፣ ከዚያ መርፌውን ንቀሉ። ግማሽ ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ አቆይታችሁ ገልብጣችሁ በመብራት እዩ። የጤፍ ፍሬ የምታህል እንኳን ካለች እንደገና ጀምሩ። ፍላስኩ ስለታሸገ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ የሚድየሙን አሲድነት የሚጠብቅ ሄፔስ ቀድማችሁ ጨምሩበት።

3. ፍላስኩን የሴሎቹ ወለል መሽከርከሪያው ዘንግ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እሰሩ። በደቂቃ 60 ዙር ሲሽከረከር ከዘንጉ 3 ሚሊሜትር የራቀ ሴል የምድርን ስበት 1.2 በመቶ ያህል ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ያገኘዋል፤ 1 ሴንቲሜትር ከራቀ 4 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መሃሉን ብቻ ቁጠሩ። ለጀማሪ ሁለት ዘንግ ያለው ውድ ማሽን የግድ አይመስለኝም። ቤት የሚሠራ ከሆነ ግን የሞተሩ ሙቀት ፍላስኩን እንዳያሞቀው ቴርሞሜትር ለጥፉበት።

4. ልክ እንደዚያው የተሞላና የታሸገ ሌላ ፍላስክ ሳይሽከረከር በማሽኑ መቆሚያ ላይ አስቀምጡ፤ ንዝረቱ ለሁለቱም እኩል ይድረሳቸው።

5. ከ24 ሰዓት በኋላ ማሽኑን እንዳቆማችሁ ወዲያው ሴሎቹን እንዳሉ እንዲቀሩ በፎርማልዲሃይድ አጽኗቸው። ሻይ ጠጥቼ ልመለስ ካላችሁ ሴሎቹ ከስበት ጋር መላመድ ይጀምራሉ። አክቲኑን (የሴሉን ቅርጽ የሚይዙትን የፕሮቲን ክሮች) እነሱ ላይ በሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም፣ በፋሎይዲን ቀብታችሁ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ተመልከቱ፦ በቆመው ፍላስክ ሴሉን አቋርጠው የሚያልፉት ወፋፍራም ክሮች፣ በሚሽከረከረው ሳስተው ወደ ዳር ተሰብስበው መታየት አለባቸው። በሁለቱም ፍላስኮች ተመሳሳይ ለውጥ ካያችሁ ጥፋቱን ከመሽከርከሩ ውጭ ፈልጉ፤ እኔ መጀመሪያ የምፈትሸው ሙቀቱንና ሚድየሙን ነው። በሚሽከረከረው ብቻ ሴሎቹ ተሰልፈው ካገኛችኋቸው ግን ወደ 2ኛው ደረጃ ተመልሳችሁ አረፋዋን ፈልጉ።