ቢላ የሌለበት «ቀዶ ጥገና»፦ ለጨረሩ ቀን እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

ሐኪሙ «ጋማ ናይፍ» ሲላችሁ ቢላ ታይቷችሁ ከደነገጣችሁ፣ ተረጋጉ። የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ያለን እጢ ወይም ሌላ ሕመም በጨረር የሚያክም መሣሪያ ነው። ስዊድናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል በ1951 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ ከቀዶ ጥገና ጋር አያይዞ ስለሰየመው ነው ሰው እስካሁን የሚደነግጠው። ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ለየብቻ ደካማ ስለሆኑ የሚያልፉበትን ቦታ ብዙም አይጎዱም፣ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ግን ጉልበታቸው እጢውን ለመምታት ይበቃል።

ከቀኑ በፊት ዋናው ሥራችሁ መናገር ነው። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይም ሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለ፣ እርግዝና ከተጠረጠረ፣ ኩላሊት ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ «ዛሬ ሕክምና አለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ለጭንቅላት ከሆነ እንዳይነቃነቅ የብረት ክፈፍ በአራት ብሎን ሊታሰርላችሁ ይችላል። ማደንዘዣው ሲወጋ ያማል፣ አልዋሽም፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ጭንቅላታችሁ ተጨምቆ የተያዘ ይመስላችኋል። በክፈፍ ፋንታ የፊት ጭንብል የሚጠቀሙም አሉ። ለአከርካሪ ሲሆን ጋማ ናይፍ ሳይሆን ሌላ የጨረር ማሽን ነው የሚሠራው፤ በሰውነታችሁ ቅርጽ በተሠራ ፍራሽ ላይ ፍንክች ሳትሉ ትተኛላችሁ። ህብለ ሰረሰር እዚያው አጠገብ ስለሆነ ትንሽ መንቀሳቀስም ዋጋ ያስከፍላል። ጀርባ እያመመ መተኛት ከባድ ነውና ማስታገሻ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጨረሩ ራሱ አያምም። የሚያሰለቸው ሐኪሞቹ ዕቅዱን እስኪጨርሱ መጠበቁ ነው።

አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ መኪና የሚነዳላችሁ ሰው ግን ይኑር። ጨረር ሰውነታችሁ ውስጥ አይቀርም፣ ልጆቻችሁን እቀፉ። ድካምና ራስ ምታት ይጠበቃል። ውጤቱ ግን ቀርፋፋ ነው። ፊትን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው የነርቭ ሕመም እስኪቀንስ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል፤ አንጎል ውስጥ የተጠላለፈ የደም ሥር እስኪዘጋ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል፣ እስከዚያ የመድማት አደጋው አለ። «ደህና ነኝ» ብላችሁ የክትትል ኤምአርአይ አትዝለሉ፣ ምክንያቱም እብጠት ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

የሚጥል ነገር ከተነሳ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የጨረሩ መጠንና ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት ኮፒ ውሰዱ። ወደፊት ሌላ ጨረር ቢያስፈልግ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።