ያለ ፓምፕና ያለ መብራት ውሃ በፀሐይ ማሞቅ፦ በደጋ ገጠር ቤት እንዴት እንደሚሠራ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የወላጆቼ ቤት ሙቅ ውሃ ማለት ጥላሸት የለበሰ ድስትና ጭስ ነበር። 20 ሊትር ውሃ ለገላ እስኪደርስ ለማሞቅ በሦስት ጉልቻ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይነዳል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይገባል፤ ኩበቱ ደግሞ ማሳ ላይ ቢበተን ገብሱን የሚያበላ ነበር። መብራት ገብቷል፤ ግን የሻወር ማሞቂያ ስትሰኩበት የሰፈሩ አምፖል ሁሉ የሚደበዝዝበት መስመር ነው። እናቴ በታኅሣሥ ብርድ ልብስ ስታጥብ እጇ ተሰነጣጥቆ ሳይ ነገሩን ጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ከታች የተጻፈው ሦስተኛው ነው፤ የሁለቱን ጥፋት በየመንገዱ ታገኙታላችሁ።

1. መጠኑን ቁረጡ

እኛ አገር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ታወርዳለች። በእጅ የተሠራ ማሞቂያ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይዝም። እንደዚያም ሆኖ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሳጥን በጠራ ቀን 120 ሊትር ውሃ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ጠዋት 15 የነበረው አመሻሽ ላይ 45 ይደርሳል። ለአምስት ሰው ገላ ይበቃል፣ ለዕቃ ማጠቢያም ይተርፋል። መጀመሪያ ስስት ይዞኝ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ሙሉውን አስቀመጥኩ። ያው ሙቀት ለ200 ሊትር ሲካፈል ለብ ያለ ውሃ ሆነ፤ ለብ ያለ ውሃ ደግሞ ተመልሶ እሳት ላይ ይጣዳል።

2. በርሜሉ

የምግብ ዘይት የነበረበት የብረት በርሜል ግዙ። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜል ለምንም ዋጋ አትንኩ። ነዳጅ የነበረበትን በያጁ እሳት እንዳያስጠጋበት፤ ታጥቦም ቢሆን ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። በርሜሉን ቆርጣችሁ ቁመቱን ወደ ግማሽ ሜትር አሳጥሩትና ክዳኑን መልሱበት።

አራት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አንዱ ከጎኑ ከሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ሳጥኑ የሚወርድበት። ሁለተኛው ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ የሞቀው የሚመለስበት። ሦስተኛው ከአፉ ዝቅ ብሎ፣ የምትቀዱበት። አራተኛው ክዳኑ ላይ ሆኖ ከሱ የሚነሳው ቧንቧ በውስጥ በኩል እስከ ሥሩ ይወርዳል፤ በላይኛው ጫፉ ላይ ውሃ የምታፈሱበት ማጥለያ ይቀመጣል። በዚህ ማጥለያ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ ስታፈሱ፣ ቀዝቃዛው ሥር ገብቶ ከላይ ያለውን ሙቅ ይገፋዋል፤ በመቅጃው በኩል አንድ ጀሪካን ሙቅ ይወጣል። አንድ ሳታስገቡ አንድ መውሰድ አይቻልም ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ለሌለው ቤት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፤ በርሜሉ ሁልጊዜ ሙሉ ይሆናል፣ ልጆችም ቀድተው ሳይሞሉ አይሄዱም። መቅጃው ላይ የሚዘጋ ቧንቧ አታድርጉ። ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ በቀን አንድ ሊትር ያህል ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ጣሳ አስቀምጡለት። ክዳኑ ላይም ትንሽ የትንፋሽ ቀዳዳ ተዉ።

3. ሳጥኑና ቧንቧዎቹ

ፀሐይ የሚቀበለው ይህ ነው። ከሥርና ከላይ አግድም የሚተኙ ሁለት ባለ 1 ኢንች ቧንቧዎች፣ በመሃላቸው ደግሞ እንደ መሰላል መወጣጫ የቆሙ ስምንት ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧዎች፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ85፣ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ቧንቧ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ከአንዱ ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ ለስምንቱ ሦስት ቧንቧ ይበቃል። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የለበሰ ብረት፣ ይሁን።

ቧንቧውን በጥርስ እያዞርኩ እገጥመዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ካለ አንዱን ስታጠብቁ ሌላው ይፈታል፤ እኔ ግማሽ ቀን እንደ ሞኝ ስታገል ውዬበታለሁ። ያለ ብየዳ አይሆንም። በያጁ ደጅ ላይ ይሥራ፣ ነፋሱንም ከጀርባው ያድርግ፤ ከጋልቫናይዝድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው፣ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለቅበታል። የሚበየደውን ጫፍ አስቀድሞ በግራይንደር ቢፍቀው ጭሱ ይቀንሳል። በያጅ ከነጄኔሬተሩ ከከተማ ማምጣት ውድ ስለሆነ እኛ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን አሠራን፤ የሦስቱም ቤት ቧንቧ አንድ ግቢ ተሰበሰበ፣ መስታወቱም አብሮ ተገዛ።

ከቧንቧዎቹ ጀርባ ላሜራ አድርጉና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት። ላሜራው ቧንቧውን ካልነካ ሙቀቱን ለማን ያስተላልፋል? ከዚያ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም። ሳጥኑ የእንጨት፣ ወለሉ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮውና በላሜራው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ሙቀት የሚይዝ ልባስ። ብዙ ሰው ጭድ ይጠቀማል፤ ጭድ እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይወደዋል። እኛ አሮጌ ባና ቀደን ጠቀጠቅንበት፤ የመንዝ በግ ፀጉር እንደሆነ ብርድ ያውቃል። ላዩ መስታወት፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። አንዱ ቢሰበር ግማሹን ነው የምትገዙት። የግሪንሃውስ ላስቲክ ይረክሳል፤ ግን ፀሐይ ያነደው ቀን ተተርትሮ ትንፋሹ ይወጣል።

4. ቦታና አቅጣጫ

ሳጥኑ ወደ ደቡብ ይዞር። በታኅሣሥ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላ በጣም ሲያጥር፣ ጥላችሁ የተኛበት ሰሜን ነው። ፀሐይዋ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የላዩን ጫፍ ከሥሩ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ከባሕር ዛፍ ጥላ አርቁት፤ ዛፉ ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ይደርሳል።

5. ማገናኘት

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ማሞቂያ ፓምፕ የለውም። ውሃውን የሚያዞረው የራሱ ሙቀት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሞቀው ይቀልልና ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ በርሜሉ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ይከብድና ወርዶ ቦታውን ይይዛል። የሚገፋው ጉልበት ግን ከቁጥር አይገባም። ጣት የምታህል አየር ቧንቧው ውስጥ ከተቀመጠች ዙሩ ይቆማል።

የመጀመሪያው ሥራዬ 50 ሜትር ጥቁር ጎማ ጠቅልዬ ጣራ ላይ ማስቀመጥ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ በርሜሉ እንደ ምንጭ ቀዝቅዟል። ፀሐይ አንሶት መስሎኝ ሁለት ቀን ጎማውን ሳዞር ዋልኩ። ጎረቤታችን ግንበኛ ናቸው፤ ቀና ብለው አዩትና «ይሄ እኮ አንጀት ነው፣ ውሃ በዚህ አይሄድም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጥቅሉ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል፣ በየጉብታው አየር ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን ጎማው በሙቀት ልል ብሎ ከመገጣጠሚያው ሾለከና የበርሜሉ ውሃ በሙሉ በጣራው ጓሮ ወረደ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ድስቷን ጣደች።

አየሩ አንዴ ወጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ የሟሟ አየር አለ፤ ሲሞቅ ይለቀቃል። ዛሬ ብታወጡት ነገ ሌላ አረፋ አለ። ስለዚህ መንገዱ ራሱ አረፋውን ወደ በርሜሉ የሚያወጣ መሆን አለበት። ከሳጥኑ እስከ በርሜሉ ድረስ አንድም ቦታ ወደ ታች የሚል ነገር አይኑር። የላይኛው አግድም ቧንቧ እንኳ ወደ መውጫው በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቀዝቃዛው በሳጥኑ ግራ ሥር ከገባ ሙቁ በቀኝ ራስ ይውጣ፤ አለዚያ ውሃው አቋራጭ ይዞ ሌሎቹን ቧንቧዎች ይተዋቸዋል። ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ ክርን) አታብዙ፤ ሁለት ከበቃ ሦስተኛውን አትግዙ። መመለሻውም ከ1 ኢንች አይጥበብ።

ቁልቁል መኖሩን በዓይን አትለኩ። ግንበኞች በቀጭን ነጭ ጎማ ውሃ ልክ የሚይዙትን ታውቃላችሁ፤ ያንኑ ዘርግታችሁ መመለሻውን በየግማሽ ሜትሩ ለኩት። ሁለተኛውን ስሠራ በዓይኔ ቀጥ ብሎ የታየኝ ቧንቧ እርከኑ ጠርዝ ላይ ሦስት ጣት ያህል ሰርጎ ነበር። ያገኘሁት በመዳፌ ነው፤ ቧንቧውን እየዳበስኩ ስሄድ እስከ ስርጉዱ ያቃጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ሳስገባበት አንዴ ጎርጎር አለና ውሃው መዞር ጀመረ።

ሌላው ከፍታ ነው። የበርሜሉ ሥር ከሳጥኑ የላይኛው ጫፍ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እኔ እኩል አድርጌው ነበር። ማታ ሙቅ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ፤ ልጆቹ ሌሊት የቀዱት መሰለን። ለካ ሌሊት ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ ይከብድና ወደ ኋላ ይዞራል፤ በርሜሉ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሲያሞቅ ያድራል። 30 ሳንቲ ሜትር ስናነሳው ቆመ።

ሁሉም ሰው በርሜሉን ጣራ ላይ ወይም ማማ ላይ መስቀል ይወዳል። ጀሪካን ተሸክሞ መሰላል የሚወጣው ማነው? የደጋ ግቢ መቼም ተዳፋት አያጣም፤ በርሜሉን ከእርከኑ በላይ በቤቱ በኩል ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፣ ሳጥኑን ከእርከኑ በታች አውርዱት። የእኛ በርሜል ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ከፍ ያለው፤ ማጥለያው እናቴ ወገብ ላይ ይደርሳል፣ ከመቅጃው ሥር ጀሪካን በልኩ ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ ማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል ይሁን፤ በጋለ ሳጥን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስገቡ። መመለሻውን ከበርሜሉ በኩል ፍቱት፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ አረፋ የሌለው ውሃ መምጣት ሲጀምር እሰሩትና ሙሉት። በጠራ ቀን 4 ሰዓት ላይ ሁለቱን ቧንቧ ያዙ፤ የላዩ ትኩስ፣ የሥሩ ቀዝቃዛ ከሆነ እየዞረ ነው።

6. ማልበስ

በርሜሉን በባና ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሦስት አራት ዙር ጠቅልሉት፣ ክዳኑንም፣ ሥሩንም። ላዩን በላስቲክ፣ ከዚያ በቆርቆሮ ሸፍኑት፤ የረጠበ ባና ከምንም አይቆጠርም። መመለሻ ቧንቧውንም አልብሱት።

7. ውርጭ

ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ይህን እለፉት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚያገኘው ቦታ ያላችሁ ግን ስሙኝ። በጠራ ሌሊት ጥቁሩ ሳጥን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ በቀላሉ ያልታየበት ሌሊት እንኳ ቧንቧ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት የብየዳ መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ በርሜሉን ባዶ አገኘሁት፤ በያጁን እንደገና ከከተማ ማምጣት ሆነ። አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ ሳጥኑ ላይ ሸራ፣ በሸራው ላይ ባና ይጣላል። ለረጅም ቀን ከቤት የምትወጡ ከሆነ ከሳጥኑ ሥር ማፍሰሻ፣ ከበርሜሉ በሚወጡት ሁለት ቧንቧዎች ላይም ሳራቺኔስካ (የቧንቧ መዝጊያ) አድርጉና ሳጥኑን አራግፉት። ሥራ ላይ ሳለ ግን ሳራቺኔስካዎቹ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው።

8. አጠቃቀም

ውሃው ለመጠጥ አይሆንም። ሁለት ቀን ሳይቀዳ ከሰነበተ ከምታስቡት በላይ ይግላል፤ ሕፃን ከማጠባችሁ በፊት በክርናችሁ ሞክሩት። መስታወቱን በሳምንት አንዴ እጠቡ፤ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁለቴ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ደመና ባለበት ቀን ለብ ያለ ውሃ ይገኛል፤ እሱን ምድጃ ላይ መጨረስ ነው። ስለዚህ ጉልቻውን ትታችሁ አፉ የተዘጋ ቁጠባ ምድጃ ይኑራችሁ። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ለእንጀራ የተሠራ ነው፤ ለድስት ሌላ ምድጃ ያስፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ከሳጥኑ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ክፈቱና ቀይ ዝገቱ እስኪጠራ አፍስሱ። የእኛ በርሜል በሦስተኛ ዓመቱ ከሥሩ ማላብ ጀምሯል፤ ቀጣዩን ከውስጥ ቀለም ሳላስቀባው አላስቀምጥም።