ለአባዬ ያለ ጨው የምጠብሰው ዶሮ

አባዬ ኩላሊቱ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ያደርጋል፤ ደሙ በማሽን ይጣራለታል። የምግብ ባለሙያዋ «ፕሮቲን ይብላ፣ ጨው ግን ይቀነስለት» ስትለን እናቴ ቀድማ የጠየቀችው «ታዲያ ዶሮው በምን ይታጠብ?» ብላ ነበር። እውነቷን ነው። እኛ ቤት ዶሮ በጨውና በሎሚ ታሽቶ፣ ተዘፍዝፎ ነው የሚጸዳው። ምግቡ ላይ ጨው ባይጨመር እንኳ ሥጋው አስቀድሞ ጠጥቶታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 2,300 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ የአባዬን የቀን ልክ ብቻውን ይሞላዋል።

ስለዚህ የጭኑን ሥጋ ቆዳውን ገፍፌ በሎሚና በውሃ ብቻ አጥበዋለሁ። የታሸገ ዶሮ ከገዛሁ ጽሑፉን አነባለሁ፤ «ፎስፌት» የሚል ካለበት እተወዋለሁ። ፎስፌት ማለት የተጨመረ ፎስፈረስ ነው፤ ሥጋው ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፣ የደከመ ኩላሊት ደግሞ በደንብ አያስወጣውም።

ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል እፈጫለሁ። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ኮረሪማ እጨምርበትና ሥጋውን አሽቼ ፍሪጅ ውስጥ አቆየዋለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ግን አይቆይ፤ ሎሚው ሥጋውን ያላሽቀዋል። አዋዜ፣ ሚጥሚጣና የሾርባ ኩብ አይገቡም፤ ጨው አለባቸው። አክስቴ ከአሜሪካ «ሶዲየም የሌለው ጨው» ልካልን ነበር። ጀርባውን ሳነበው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ሲከማች ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ሳንከፍተው ጣልነው።

ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ አመድ ሲለብስ ሽቦውን እጥዳለሁ። በየጎኑ ሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ወፍራሙ ቦታ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ማለት አለበት። ሊወርድ ሲል አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ፍሙ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ቅጠሉ ጠስ ይልና ጭሱ ሥጋው ላይ ይቀመጣል። እንዳወረድኩት፣ ገና እየተንጫጫ ሳለ፣ ግማሽ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። የጨውን ቦታ የሚሸፍነው ይህ የመጨረሻው ሎሚ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የገባው ብቻውን አይበቃም።

የአባዬ ድርሻ መዳፉን የሚያህል ነው፤ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ዲያሊሲስ ያልጀመረ ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ ያነሰ ፕሮቲን ስለሚታዘዝለት ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ። ከጎኑ ነጭ ሩዝና ጥቅል ጎመን አቀርባለሁ፤ ድንችና ቲማቲም ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ይቀራሉ።

የሁላችንንም እንዲሁ ነው የምጠብሰው። ጨው የፈለገ ሳህኑ ላይ ይነስንስ፤ ለአባዬ ብቻ የበሽተኛ ሳህን ተለይቶ እንዲቀርብለት አልፈልግም።