«ደበረኝ» ሌላ፣ «ድባቴ» ሌላ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ስለሆንኩ አንድ ቃል ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ውሃ በተራው ቀን ሳይመጣ ሲቀር «ድባቴ ውስጥ ከተተኝ» ይባላል። የታክሲ ሰልፍ ሲረዝምም ያው። ለዚህማ «ደበረኝ» አለላችሁ፣ «ድብርት ተጫጫነኝ» አለላችሁ። ድባቴ ግን የሕመም ስም ነው፤ ሐኪሞች ዲፕሬሽን የሚሉት።

ቃሉን ከማውጣታችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን ሰዓት የቆየ መሆን አለበት። ከዚያ ከሁለቱ አንዱን ፈልጉ፦ ሆድ መባስ፣ ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ማስጠላቱ። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መበታተን፣ ራስን መውቀስ፣ መቁነጥነጥ ወይም መንቀርፈፍ፣ ሞትን ማሰብም አሉ። ሐኪም ከ9ኙ ቢያንስ 5ቱን ያያል፤ ኑሮን ማወካቸውንም ይጠይቃል።

ሰው የሚስተው «ማስጠላቱን» ነው። እኔም ስቼዋለሁ። ከእኛ በላይ ያሉ አንዲት እናት ሁልጊዜ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል» እያሉ ማስታገሻ ያስገዙኝ ነበር። አያለቅሱም፣ አዝኛለሁም አይሉም። ቡና መጥራት ሲያቆሙ የተቀየሙኝ መስሎኝ ሁለት ወር ራቅኳቸው። አንድ ቀን ስገባ ጀበናው ጥግ ላይ ተደፍቷል፤ ቂጡ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። በየቀኑ ሦስቴ የሚፈላበት ጀበና! «ቡናውን ተዉት እንዴ እማማ?» አልኳቸው። «አምሮቱም ጠፋ ልጄ» አሉኝ።

ስትናገሩ «ድባቴ አለባት»፣ «ድባቴ ታሟል» በሉ። ሰውን በሕመሙ ስም አትጥሩት። «ስንፍና ነው»፣ «እምነት ቢኖረው ኖሮ» የሚሉትንም ተዉ፤ ጠበል የሚሄድም ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሐዘኑ ብቻውን ሕመም አይደለም። ሞትን የሚያነሳ ካለ ደግሞ ሳታፍሩ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ለእማማ «ድባቴ» የሚለውን ቃል ያን ቀን አልተናገርኩም። «እንቅልፍ ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ ያለዎት?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ከፋሲካ ወዲህ» አሉኝ። በማግስቱ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ስሙን የነገራቸው፣ ጊዜ ወስዶ መርምሮ፣ እዚያ ያለው ባለሙያ ነው።