የገበያውን ሰው በሰፊ ፔኔሎ መሣል

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ይሠሩ የነበሩት አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ዴቪድ ፓርክ፣ ኤልመር ቢሾፍና ሪቻርድ ዲበንኮርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ወደ ሰው ምስል ሲመለሱ፣ ወፍራሙን ቀለምና ሰፊውን የብሩሽ ምት ይዘው ነው የተመለሱት። ይህን አሣሣል ደሴ ላይ ለመሞከር የሚሻ ሰው ማለዳ ፒያሳ ቆሞ፣ ነጠላ ተከናንባ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት ይምረጥ፤ የእርሳስ ንድፉን ትቶም በቀጥታ በቀለም ይጀምር። የቤት ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ፔኔሎ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሸራውን በአራት ትላልቅ የቀለም መደቦች ይክፈል፤ የጦሳ ተራራ ጥላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ አስፋልቱና ሴትዮዋ በዚህ አሣሣል እኩል ክብደት ያላቸው ቅርጾች ናቸውና። ነጠላው ነጭ ነው ብሎ ነጭ ብቻ መለቅለቅ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ልብ ብሎ ላየው ግን በጥላው በኩል ወደ ሰማያዊ፣ ፀሐይ በነካው ጠርዝ ወደ ቢጫ ያደላል። ፊቷ በሦስት ምት ይለቅ፤ ቅንድብና ከንፈር መልቀም፣ እኔም ዘወትር የምፈተንበት ነገር፣ ሥዕሉን ወደ ፎቶግራፍ ይጎትተዋል።

ያልጣመው ክፍል ቀለሙ ሳይደርቅ በቢላ ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ፓርክ ረቂቅ ሥዕሎቹን በርክሊ ከተማ ወደሚገኘው ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ጥሏቸዋል፤ ጀማሪ ግን እዚያ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም።